መድኃኒቱ ባክቴሪያውን እየገደለ ነርቩ ለምን ይብሳል?

ጥያቄ፦ «አባቴ 54 ዓመታቸው ነው። የሥጋ ደዌ ተገኝቶባቸው የ12 ወሩን መድኃኒት ከጀመሩ ሦስተኛ ወራቸው ነው። ሰሞኑን ግን ደብዝዘው የነበሩት የቆዳቸው ምልክቶች አብጠዋል፣ ሲነኩም ይሞቃሉ። ቀኝ ክርናቸውን ያማቸዋል። ትንሿ ጣታቸውም አልታዘዝ ብላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ‹መድኃኒቱ ነው፣ ይተውት› ይላል። ጤና ጣቢያው ‹ሪአክሽን ነው› ብሎ ወደ ሆስፒታል ጽፎላቸዋል። እኔ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ማይሊን የሚሠራው ሽዋን ሴል እንደሆነ፣ ባክቴሪያውም እሱ ውስጥ እንደሚኖር ተምረናል። ታዲያ ባክቴሪያው እየሞተ ነርቩ ለምን ይብሳል? ብግነቱ ሽዋን ሴሉን ምን ያደርገዋል? ጣታቸውስ ይመለሳል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። አባትሽ የጀመሩትን መድኃኒት እንዳያቋርጡ። ሪፈሩን ይዛችሁ በዚሁ ሳምንት ሆስፒታል ድረሱ። «አጨዳው ይለፍ»፣ «በዓሉ ይለፍ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ምክንያቱን ስትረጂው አንቺው ራስሽ ትቸኩያለሽ።

የጤና ጣቢያው ባለሙያ ጥሩ አይቷል። እኔ አባትሽን ስላላየኋቸው ይህ ነው ብዬ መደምደም አልችልም። ግን የገለጽሽው ነገር ዓይነት አንድ ከሚባለው ሪአክሽን ጋር በደንብ ይገጥማል። ሪአክሽን ማለት የሰውነት መከላከያ በባክቴሪያው ላይ ድንገት ሲቆጣ የሚነሳ ብግነት ነው። ያረጁ ምልክቶች እንደገና ያብጣሉ፣ ይሞቃሉ፣ ወዛቸው ይለወጣል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም ላይታይ ይችላል። በእጅሽ ጀርባ ብትዳስሺው ግን ሙቀቱ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይለያል። ከዚያ ነርቩ ይከተላል። አንዳንዴም ነርቩ ይቀድማል።

ባክቴሪያው ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ ይባላል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ነው ያገኘው። እጅግ ቀርፋፋ ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታም ይወዳል። ስለዚህ ለቆዳ የቀረቡ ነርቮችን ይመርጣል፦ ክርን ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጪ በኩል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በውስጥ በኩል፣ ፊት ላይ። አባትሽን የሚያማቸው አልናር የሚባለው ነርቭ ይመስለኛል። ክርናችንን የጠረጴዛ ጠርዝ ሲመታን እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን እሱ ነው።

ነርቩ ውስጥ ከገባ ማረፊያው የነርቭ ክሮችን የሚያቅፈው ሽዋን ሴል ነው። ይህን በትክክል ተምረሻል። ግን ሽዋን ሴል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማይሊን የሚባለውን የነርቭ ክር ሽፋን ይሠራል። አንድ ሴል የአንድ ወፍራም ክር አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ቢበዛ አንድ ሚሊሜትር ያህል፣ ደጋግሞ ይጠቀልላል። በጥቅሎቹ መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። መልእክቱ ከክፍት ቦታ ወደ ክፍት ቦታ እየዘለለ፣ ክንድ ላይ በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል። ሁለተኛው ዓይነት ማይሊን አይሠራም። ብዙ ቀጫጭን ክሮችን አንድ ላይ አቅፎ ይይዛል። ሕመምንና ሙቀትን የሚያደርሱት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፤ ፍጥነታቸውም በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ባክቴሪያው ሁለቱንም ይነካል፣ በብዛት የሚገኘው ግን በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ነው። የሥጋ ደዌ ታማሚ ገና ጉልበቱ ሳይነካ ትኩስና ቀዝቃዛ መለየት የሚያቅተው ለዚህ ነው። ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ጨብጦ ጣቱ ውሃ ሲቋጥር አይታወቀውም።

አገባቡም ብልሃት አለው። የሽዋን ሴል ዙሪያ ላሚኒን-2 በሚባል ፕሮቲን የተከበበ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ሽፋኑ ላይ ፒጂኤል-1 የሚባል የራሱ ስብ አለው። ሁለቱ ይያያዛሉ፣ ባክቴሪያው ይገባል። ከገባም በኋላ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። ከተያዙበት ቀን እስከ መጀመሪያው ምልክት በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሴሉን ቶሎ መግደል ለባክቴሪያው አይጠቅመውም።

ባዮሎጂ ስለምትማሪ አንድ ነገር ልጨምር። ባክቴሪያው ብቻውን ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። የመከላከያ ቲ ሴል በሌላቸው አይጦች ላይ በተሠራ ሙከራ፣ ባክቴሪያው በመጣበቅ ብቻ ማይሊኑ ሲፈርስ ታይቷል። ሰው ላይ ግን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እጅ የሚያዝለው ይህ ዝግ ያለ ጉዳት አይደለም። እዚያ ላይ ዋናው ተጠያቂ ብግነቱ ነው።

ታዲያ ለምን አሁን መጣ? አባትሽ ቦርደርላይን ከሚባለው ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም። እነዚህ ሰዎች ላይ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ግማሽ ያውቀዋል፣ ግማሽ ችላ ይለዋል። መድኃኒቱ፣ በተለይ በወር አንዴ የሚዋጠው ሪፋምፒሲን፣ ባክቴሪያውን በፍጥነት ይፈጀዋል። ስብርባሪው ይበተናል። ችላ ብሎ የኖረው መከላከያ ይነቃል። እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታማሚዎች ደም ተመርምሮ ነበር። ሪአክሽን ላይ ያለ ሰው ሊምፎሳይት (ቲ ሴልን የሚጨምረው የመከላከያ ሴል) ለባክቴሪያው የሚሰጠው ምላሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሽታው ብሶ ሳይሆን መከላከያው ተቆጥቶ ነው ለማለት ጥሩ ማስረጃ ሆነ።

ስለዚህ ጎረቤቶቻችሁ ግማሽ እውነት ይዘዋል። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ መባሱ እውነት ነው። መድኃኒቱ ነው ነርቩን የጎዳው ማለት ግን ስህተት ነው። ሪአክሽን መድኃኒት ሳይጀመርም ይመጣል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ይመጣል፣ የሞተ ባክቴሪያ ፍርስራሽ ከሰውነት እስኪጸዳ ዓመታት ይፈጃልና። ከቦርደርላይን ታማሚዎች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይገጥማቸዋል። አባትሽ አሁን ቢያቋርጡ ያልሞተው ባክቴሪያ ይተርፋል፣ የተነሳው ብግነትም አይበርድም። ሁለት ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልግባ።

በደህናው ጊዜ ሽዋን ሴል ከመከላከያ ሴሎች ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም። ብግነት ሲነሳ ቲ ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክተኛ ይለቃሉ። ይህ የደረሰው ሽዋን ሴል ጠባዩ ይለወጣል። ኤምኤችሲ ክላስ ሁለት የሚባለውን ፕሮቲን ገጹ ላይ ያወጣና ውስጡ ያለውን የባክቴሪያ ቁራጭ በእሱ ላይ ያሳያል። ራሱን በራሱ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ሲዲ ፎር ቲ ሴሎች ያንን ቁራጭ ያውቁታል። ሲዲ ፎርን «ረዳት ሴል» እያልን ስለለመድን ብዙም ክፋት አንጠብቅባቸውም። ግን በላብራቶሪ በሰው ሽዋን ሴሎች ላይ እንደታየው፣ አንዳንዶቹ ቁራጩን ያሳየውን ሴል ራሱን ይገድላሉ።

ሁለተኛው መልእክተኛ ቲኤንኤፍ ነው። ሽዋን ሴል ለብቻው ከመጣ ይችለዋል። ከኢንተርፌሮን ጋማ ጋር ተደርቦ ሲመጣ ግን ሴሉ ሊሞት እንደሚችል በላብራቶሪ ታይቷል። በዚህ ላይ ባክቴሪያና ፍርስራሽ የሚውጡ ማክሮፋጆች የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች አሉ። እነሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመርታሉ። ይህ ጋዝ የነርቭ ክሩን ጉልበት ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ይመታል። ዜብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል፤ በፒጂኤል-1 የተቆጡ ማክሮፋጆች ነርቩን ተጠግተው ማይሊኑን አበላሹ። ልብ በይ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ባክቴሪያ ያለበትን ክር ከሌለበት አይለይም። ነርቭ ውስጥ ብግነት ከተነሳ ጎረቤቱም አብሮ ይጎዳል።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምፈራው ተራ የሚመስለውን ነገር ነው፦ እብጠቱን። ነርቩን የከበበው ሽፋን ጠንካራ ነው፤ እንደ ልብ አይለጠጥም። ብግነቱ የደም ሥሮችን ሲያላላ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ግፊቱ ይጨምራል፣ ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ። ጣት ሲያብጥ ቀለበት እንደሚያንቀው ማለት ነው፤ ይኼኛው ቀለበት ግን በሳሙና አይወልቅም። ክርን ላይ ደግሞ ይብሳል። ነርቩ ከአጥንቱ ጀርባ በጠባብ መተላለፊያ ነው የሚያልፈው፣ ክንድ በታጠፈ ቁጥርም ይወጠራል። ያበጠ ነርቭ እዚያ መሃል ደም ያጣል። ደም ሲያጣ ሽዋን ሴሉም ክሩም አንድ ላይ ይራባሉ። ቲ ሴሉ ያልነካው ክር ሁሉ እዚህ ይጎዳል።

«ይመለሳል ወይ?» ላልሽው መልሱ ጉዳቱ በደረሰበት ደረጃ ይወሰናል።

መጀመሪያ እብጠቱ መልእክቱን ያግዳል፤ ክሩም ማይሊኑም ገና አልፈረሱም። ብግነቱ ከበረደ ጉልበቱ በቀናትና በሳምንታት ይመለሳል። ቀጥሎ ማይሊኑ እዚህም እዚያም ይረግፋል፣ ክሩ ግን ይተርፋል። ይህም ይጠገናል። የተረፉት ሽዋን ሴሎች ተባዝተው እንደገና ይጠቀልሉታል። አዲሱ ማይሊን ከድሮው የሳሳ፣ ቁራጮቹም ያጠሩ ይሆናሉ። ፍጥነቱ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ ጣት ለማዘዝ ግን ይበቃል። ይህ ሳምንታትና ወራት ይጠይቃል።

ሦስተኛው ክሩ ራሱ ሲበጠስ ነው። እዚህ ላይ ሽዋን ሴል በጣም የሚገርም ሥራ ይሠራል። ማይሊን መሥራቱን ትቶ ጠጋኝ ሴል ይሆናል። የራሱን ማይሊን ይበላል፣ ማክሮፋጆችን ጠርቶ ፍርስራሹን ያስጠርጋል፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ተሰልፎ አዲሱ ክር የሚያድግበትን መንገድ ያዘጋጃል። አስተውይ፣ ይህም ብግነት ነው። ያለ እሱ ነርቭ አይጠገንም። ስለዚህ ብግነት ሁሉ ጠላት ነው ብለሽ አትያዢ። ጉዳቱ ሲበዛና ሳይበርድ ሲቀር ነው። ጠጋኙ ሴል ደግሞ ለዘላለም አይጠብቅም። ወራት ካለፉ አቅሙ ይደክማል። ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከክርን እስከ እጅ ጡንቻዎች 30 ሴንቲሜትር ብንል 300 ቀን ነው። በዚያ ላይ ብግነቱ እየተመላለሰ ጠባሳ ከተወ መንገዱ ይዘጋል። ይህ አራተኛው ደረጃ ነው፤ እሱን ማንም አይመልሰውም።

በዚህ ሳምንት ሂዱ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የአባትሽ ጣት የዛለችው ሰሞኑን ከሆነ ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። እኛ የምንጠቀምበት መስፈሪያ 6 ወር ነው። ከዚያ ያነሰ ድካም ይታከማል፣ ብዙ ጊዜም ይሻሻላል። ከ6 ወር ካለፈ ሕክምናው የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ይህ ማለት ግን 5 ወር ተኩል መጠበቅ ይቻላል ማለት አይደለም!

ሕክምናው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀን 40 ሚሊግራም ገደማ ይጀመርና በየሁለት ሳምንቱ እየተቀነሰ እስከ 20 ሳምንት ይቆያል። የመልእክተኞቹን ምርት ይቀንሳል፣ እብጠቱን ያወርዳል። ከ12 ወሩ የሥጋ ደዌ መድኃኒት (ኤምዲቲ) ጎን ለጎን ነው የሚሰጠው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። «ረዘም ቢል አይሻልም?» ተብሎ በእስያ አገራት ተሞክሮ ነበር። 32 ሳምንት የወሰዱት 20 ሳምንት ከወሰዱት የተሻለ ውጤት አላገኙም። ሌላ መድኃኒትስ? አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ውስጥ ሳይክሎስፖሪን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ተወዳድሯል። ነርቭ ማሻሻሉ ተቀራራቢ ነበር፣ ግን ሳይክሎስፖሪን የወሰዱት ላይ ሪአክሽኑ ቶሎ ያገረሽ ነበር። ስለዚህ ከነጉድለቱ ፕሬድኒሶሎን የመጀመሪያ ምርጫችን ሆኖ ቀጥሏል።

ጉድለቱን ደግሞ አልደብቅሽም። ስኳር ያወጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ይነካል። የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ስለ ሳልና ስለ ስኳር ቢጠይቃችሁ፣ የአንጀት ትላትል መድኃኒትም ቢሰጣቸው አትገረሙ። ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው ትል እዚህ አገር ብዙ ነው። ፕሬድኒሶሎን በሚወስድ ሰው ላይ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ገበሬ ከሆኑና በባዶ እግራቸው እርሻ ላይ የሚውሉ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ንገሪው። ኪኒኑን ጠዋት ምግብ በልተው ነው መውሰድ ያለባቸው። ጾም ከሆነ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ጠበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፣ ኪኒኑን ግን ይዘው። ደህና ሆንኩ ብለው በአንድ ጊዜ እንዳያቆሙት። ድንገት ማቆም በራሱ አደገኛ ነው፣ ብግነቱም ያገረሻል።

መንገዴን ልሳትና፣ አንድ ሰው «የነርቭ ብግነት ሁሉ በፕሬድኒሶሎን ይድናል» ቢልሽ አትመኚው። ጊላን-ባሬ የሚባል ሌላ በሽታ አለ። ብዙ ጊዜ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ይመጣል፤ ከእግር ጀምሮ ያሽመደምዳል። እዚያም ማክሮፋጆች ማይሊን ይገፍፋሉ፣ የሚመራቸው ግን በአብዛኛው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስቴሮይድ ብቻውን ለእሱ አይረዳም። የሚረዳው ኢሚውኖግሎቡሊን በደም ሥር መስጠት ወይም ፕላዝማውን መለወጥ ነው። የሚጎዳው ሽፋን አንድ ዓይነት ነው፤ ብግነቱ ግን የተለያየ ነው።

ወደ አባትሽ ልመለስ። እስክትሄዱ ድረስ ክርናቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛ ወይም ድንጋይ ላይ አያሳርፉ። ሌሊት ክንዳቸው ብዙ እንዳይታጠፍ ክርናቸው ዙሪያ ለስላሳ ፎጣ ጠቅልዪላቸው። ከባድ ሥራ ይቅር። ጣቶቻቸውን በሌላኛው እጃቸው ቀስ እያሉ ይዘርጓቸው፤ እንደታጠፉ እንዳይደርቁ። ስሜት የሌለው እጅ ምድጃና ትኩስ ዕቃ አጠገብ ጨርቅ ይፈልጋል።

አንቺም ቤት ውስጥ ልትመረምሪያቸው ትችያለሽ። ትንሿን ጣት ወደ ውጪ እንዲዘረጉ አድርጊና በጣትሽ ወደ ውስጥ ግፊያት። ትቋቋማለች ወይስ ወዲያው ትሸነፋለች? ሁለቱን እጆች አወዳድሪ። ዓይናቸውን በቀስታ እንዲጨፍኑ አድርጊ፤ ክፍተት ይቀራል ወይ? እግራቸውን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ያንሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውንና የውስጥ እግራቸውን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ እያደረግሽ የተነካው የት እንደሆነ ያሳዩሽ። ይህንን በየሳምንቱ አድርጊ፣ የማያማቸውንም ቦታ ጨምረሽ። ነርቭ ምንም ሳያም ዝም ብሎ የሚደክምበት ጊዜ አለ። ሕመም ስለሌለ ሰው አይመጣም፣ ሲመጣ ጣቱ ታጥፏል። ዓይን አልዘጋ ካለ ወይም እግር መንጠልጠል ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ሆስፒታል ስትደርሱ የእያንዳንዱን ጡንቻ ጉልበትና የእጅና የእግራቸውን ስሜት ለክተው ወረቀት ላይ ይሞላሉ። ያንን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ሊያያቸው ይችላል፣ ካርድም ይጠፋል። ፕሬድኒሶሎኑ ይቀነስ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው የዛሬው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ነው።